የትርፍ ድርሻዎ የገባው መቼ ነው? የአሜሪካ የቅድሚያ ግብር ቅጣት እና አራቱ የሒሳብ ጊዜያት

ገበሬ እህሉን አጭዶ ጎተራ የሚያስገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሚያዝያ አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ «ከዘንድሮው ምርት የሚመጣውን ግብር ሩቡን አሁን ክፈል» ቢለው ምን ይመልሳል? ገና መሬቱን እንኳ አላረሰም።

አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን ወይም ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበት ቋት) ያላቸው ብዙ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ገንዘቡ የገባው ዲሴምበር ላይ ነው። ቅጣቱ ግን ከኤፕሪል ጀምሮ ይታሰባል። አንዲት ወዳጄ ግብሯን እየሞላች ሳለ የዓመቱ የግብር ማሳወቂያ በሆነው ፎርም 1040 መስመር 38 ላይ ያላሰበችው ቁጥር ብቅ ብሎባት ደወለችልኝ። «የሚፈለግብኝን በሙሉ እየከፈልኩ ነው፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ይሄ ቅጣት ከየት መጣ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። መልሱም አለ። የግብር መሙያ ፕሮግራሙ ግን ዝም ብሎ ቁጥሩን ይጥላል እንጂ መልሱን አይነግርም።

መልሱ በአጭሩ ይሄ ነው። አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ገቢዎ ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል እንደገባ ይቆጥራል። እንዲያ ካልሆነ ግን ማሳየት መብትዎ ነው። ለማሳየት ደግሞ እያንዳንዱን የትርፍ ድርሻ በገባበት ቀን መደልደል ያስፈልጋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው።

ቅጣቱ ከየት ይመጣል?

የአሜሪካ የገቢ ግብር ዓመቱ ሲያልቅ አንዴ የሚከፈል ዕዳ አይደለም። ገቢው ሲገባ ግብሩም አብሮ እየተከፈለ መሄድ አለበት። ደሞዝተኛ ይህን ልብ አይለውም፤ አሠሪው በየክፍያው እየቆረጠ ያስገባለታል። ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ላይ ግን በተለመደው ሁኔታ የሚቆርጥ የለም። 1,000 ዶላር ከደረሰዎ 1,000ው በሙሉ ሒሳብዎ ውስጥ ይገባል።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ለነበረው ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። እዚያ ባንኩ ራሱ የትርፍ ድርሻውን ግብር ቆርጦ ነው ቀሪውን የሚሰጠው። ባለአክሲዮኑ ከዚያ በኋላ በዚያ ገንዘብ ግብር አይጠየቅም። እዚህ ግን ቆራጩም ከፋዩም እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ የማይቆረጥበት ገቢ ያለው ሰው በዓመት አራት ጊዜ በፎርም 1040-ኢኤስ በኩል ገምቶ ይከፍላል። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሸጋገራል። በመደበኛው ስሌት በዓመቱ መከፈል ያለበት ገንዘብ ለአራት እኩል ይከፈልና በእያንዳንዱ ቀን 25 በመቶው ይጠበቃል። አንዱ ላይ ከጎደለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድለቱ እስኪሞላ ወይም እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ይቆጠራል።

ቅጣት ይባል እንጂ ጠባዩ የወለድ ነው። መጠኑ በየሦስት ወሩ ይወሰናል፤ የፌዴራል የአጭር ጊዜ ወለድ ላይ ሦስት ነጥብ ተጨምሮበት ነው። በ2021 3 በመቶ ብቻ ነበር። ከኦክቶበር 2023 እስከ 2024 መጨረሻ 8 በመቶ ደረሰ። 2025 ሲገባ ወደ 7 ወረደ። ቀድሞ 30 እና 40 ዶላር ሆኖ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ነገር አሁን ሰው የሚያስደውለው ለዚህ ነው።

ቁጥር ከመደርደርዎ በፊት

ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ወደ ከባዱ ስሌት ይገባል። መጀመሪያ ከቅጣቱ ነፃ መሆንዎን ይመርምሩ።

የተቆረጠልዎ ተቀንሶ የሚቀረው ዕዳ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ቅጣት የለም። ያለፈው ዓመት ጠቅላላ ግብርዎ ዜሮ ከነበረና ዓመቱን ሙሉ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከነበሩም የለም። በብዙ ቤት የሚሠራው ግን ሦስተኛው በር ነው። በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው የተከፈለው ገንዘብ ካለፈው ዓመት ጠቅላላ ግብር 100 በመቶውን ከሞላ፣ የዘንድሮው ገቢ እጥፍ ድርብ ቢሆንም ቅጣት አይኖርም። ያለፈው ዓመት የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢዎ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 100ው 110 ይሆናል። ባልና ሚስት ተለያይተው ከሞሉ ወሰኑ 75,000 ነው። አለዚያም የዘንድሮውን ግብር 90 በመቶ መክፈል በቂ ነው። ከሁለቱ የሚያንሰው ነው የሚፈለግብዎ።

ስለዚህ ያለፈው ዓመት ግብርዎ 7,000 ከነበረና ዘንድሮ ከደሞዝዎ 7,200 ከተቆረጠ፣ ዲሴምበር ላይ የቱንም ያህል ዲቪደንድ ቢገባ እፎይ ይበሉ። ኤፕሪል ላይ ግብሩን ይከፍላሉ፤ ቅጣት ግን አይነካዎትም።

ችግር የሚመጣው ያለፈው ዓመት ግብር ከፍ ያለ ሲሆን ነው። ለምሳሌ አምና አክሲዮን ሸጠው ከነበረ፣ ወይም ኦቨርታይም በዝቶ ከነበረ። ያኔ ያለፈው ዓመት በር ይጠብባል። የሚቀረው የዘንድሮው 90 በመቶ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ገንዘቡ የመጣው በዓመቱ ማብቂያ ከሆነ፣ ያልነበረዎትን ገንዘብ ግብር ከኤፕሪል ጀምሮ አልከፈሉም ተብለው ይጠየቃሉ።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ቅጣት ማስሊያ በሆነው ፎርም 2210 ውስጥ ያለው ስኬጁል ኤአይ የሚያስፈልገው። ገቢን በገባበት ጊዜ ልክ የሚያሰላ ሠንጠረዥ ነው።

ሩብ ዓመት ያልሆኑ ሩብ ዓመቶች

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኳርተር ስንል ሦስት ሦስት ወር እናስባለን። ለዚህ ስሌት ግን ጊዜያቱ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ከጃንዋሪ እስከ ማርች 31 ነው፤ ሦስት ወር። ሁለተኛው ኤፕሪልና ሜይ ብቻ ነው፤ ሁለት ወር። ሦስተኛው ጁን፣ ጁላይና ኦገስት። አራተኛው ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፤ አራት ወር ሙሉ።

ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎችና ፈንዶች ዲቪደንድ የሚከፍሉት በማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር እና ዲሴምበር ነው። አሁን እነዚህን ወሮች በአራቱ ሣጥኖች ውስጥ ያስቀምጧቸው። ማርች አንደኛው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ባዶ ይቀራል። ጁን ሦስተኛው ውስጥ ነው። ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ሁለቱም አራተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። በዓመት አራት እኩል ክፍያ የሚያገኝ ሰው እንኳ ግማሹ ገቢ አራተኛው ሣጥን ውስጥ ነው ማለት ነው። የዓመቱን ድምር ለአራት አካፍሎ የሚያስገባ ሰው በማያውቀው መንገድ ራሱን ይጎዳል።

ሌላም ነገር አለ። ሠንጠረዡ የሚጠይቀው የየጊዜውን ገቢ ለብቻው ሳይሆን ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተጠራቀመውን ነው። አንደኛው ዓምድ እስከ ማርች 31፣ ሁለተኛው እስከ ሜይ 31፣ ሦስተኛው እስከ ኦገስት 31፣ አራተኛው ዓመቱን በሙሉ። አንዳንድ የግብር ፕሮግራም የተጠራቀመውን ይጠይቃል፤ አንዳንዱ የየጊዜውን ተቀብሎ ራሱ ይደምራል። ከመሙላትዎ በፊት የትኛውን እንደሚፈልግ በደንብ ያንብቡ። ምንም ይጠይቅ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የዓመቱ ድምር ፎርም 1040 መስመር 3ቢ ላይ ካለው ጠቅላላ ዲቪደንድ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንድ ክፍያ ረስተዋል ወይም ሁለቴ ቆጥረዋል።

የትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው?

1099-ዲአይቪ የሚባለው ቅጽ የዓመቱን ድምር እንጂ ቀን አይነግርም። ተስፋ አይቁረጡ። ከብሮከሩ (አክሲዮንዎን ከሚያገበያይልዎ ድርጅት) የሚመጣው የተጠቃለለ ሰነድ ከፊተኛው ገጽ ኋላ እያንዳንዱን ክፍያ ከነቀኑ የሚዘረዝር ክፍል አለው። እሱ ከሌለ የየወሩ ስቴትመንት ይበቃል። ቀኑንና መጠኑን ወረቀት ላይ ወይም ኤክሴል ላይ መገልበጥ ነው።

የሚቆጠረው ገንዘቡ ለእርስዎ የተከፈለበት ቀን ነው። ኩባንያው ያወጀበት ቀን አይደለም። አክሲዮኑ ያለ ዲቪደንድ መሸጥ የጀመረበት ቀንም አይደለም። ሜይ 28 ታውጆ ጁን 10 የተከፈለ ዲቪደንድ የሦስተኛው ጊዜ ገቢ ነው። ገንዘቡን አላወጣሁትም፣ ብሮከሩ ጋ ተቀምጧል ማለት አያስቀረውም፤ እጅዎን ዘርግተው መውሰድ ከቻሉበት ቀን ጀምሮ የእርስዎ ነው። ዲቪደንዱ በራሱ ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛ አዘው ከሆነም ያው ነው። ጥሬ ገንዘቡን በዓይንዎ ባያዩትም በዚያ ቀን ገቢ ሆኗል።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። ሚውቹዋል ፈንዶችና ሪት የሚባሉት የቤትና የሕንፃ ኩባንያዎች በኦክቶበር፣ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር አውጀው፣ በእነዚያ ወሮች ለተመዘገቡ ባለድርሻዎች የሚሰጡትን ክፍያ ጃንዋሪ ላይ ቢከፍሉም ዲሴምበር 31 እንደተከፈለ ይቆጠራል። ስቴትመንትዎ ጃንዋሪ 4 ይላል፤ 1099ው ግን ያለፈው ዓመት ውስጥ አስገብቶታል። ድምሩ አልገጥም ሲልዎ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ቦታው አራተኛው ሣጥን ነው።

ደግሞም ሁሉም ዲቪደንድ አንድ ዓይነት አይደለም። ኳሊፋይድ የሚባለው በ0፣ በ15 ወይም በ20 በመቶ ዝቅ ያለ ተመን ይታያል። ሌላው እንደ ደሞዝ ይታያል። ስለዚህ ድልድሉን ሁለት ጊዜ መሥራት አለብዎ፤ አንዴ ለጠቅላላው፣ አንዴ ለኳሊፋይዱ ብቻ። ፈንዶች ዲሴምበር ላይ የሚያከፋፍሉት የካፒታል ትርፍ ደግሞ ራሱን ችሎ በ1099ው ሣጥን 2ኤ ይመጣል፤ እሱንም በቀኑ ያስቀምጡት። ሪቶች ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከከፈሉት ውስጥ ይህን ያህሉ የካፒታል መልስ (ትርፍ ሳይሆን ያስገቡት ገንዘብ ተመላሽ) ነው ብለው ያስተካክላሉ። በዓመቱ ውስጥ ያዩት ስቴትመንትና የመጨረሻው 1099 የሚለያዩት በዚህ ነው። የመጨረሻውን ሰነድ ቁጥር ይከተሉ።

በቁጥር እንየው

አንዲት ነርስ እንውሰድ። ያላገባች፣ ሜሪላንድ የምትኖር። በ2025 ደሞዟ 72,000 ዶላር፣ በወር 6,000። ዓመቱን ሙሉ 7,200 ተቆርጧል፤ ለእያንዳንዱ የክፍያ ቀን 1,800 መሆኑ ነው። ያላት ዲቪደንድ በሙሉ ኳሊፋይድ ነው። ማርች 20 ላይ 500፣ ጁን 20 ላይ 500፣ ሴፕቴምበር 25 ላይ 500 አገኘች። ዲሴምበር ላይ ደግሞ አንድ ኩባንያ ያልተጠበቀ ልዩ ዲቪደንድ ከፈለና 60,000 ዶላር ደረሳት። አምና ንብረት ሸጣ ስለነበር ያለፈው ዓመት ግብሯ 16,000 ነበር። ስለዚህ ያለፈው ዓመት በር አይጠቅማትም።

የዓመቱ ግብሯ ይኸው። ከደሞዟ የ2025ን መደበኛ ቅናሽ 15,750 ስንቀንስ 56,250 ይቀራል። ግብሩ 7,289 ገደማ ነው። ዲቪደንዷ 61,500 በ15 በመቶ 9,225 ይሆናል። ድምሩ 16,514። 90 በመቶው 14,862 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። የግብር ሠንጠረዡ ቁጥሩን በጥቂት ዶላር ሊያዛንፈው ይችላል።

በመደበኛው ስሌት ይህ ለአራት ይካፈላል፤ በእያንዳንዱ ቀን 3,715 ዶላር ከ65። የተቆረጠላት 1,800 ስለሆነ በእያንዳንዱ ቀን 1,915 ዶላር ከ65 ይጎድላል። ነርሷ ነገሩ ገብቷት ጃንዋሪ 15 ላይ የጎደለውን በሙሉ ብትከፍል እንኳ ለኤፕሪሉ ጉድለት ዘጠኝ ወር፣ ለጁኑ ሰባት፣ ለሴፕቴምበሩ አራት ወር ይታሰብባታል። በ7 በመቶ ወደ 224 ዶላር ይመጣል። ያኔ ያልነበራት ገንዘብ ቅጣት።

አሁን በስኬጁል ኤአይ እንሥራው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እስከ አንድ ቀን ድረስ የገባውን ገቢ ይዘን «ዓመቱን ሙሉ በዚህ አካሄድ ብትሄድ ስንት ይሆናል?» እንላለን። ለዚህ የሦስት ወሩ በ4፣ የአምስት ወሩ በ2.4፣ የስምንት ወሩ በ1.5 ይባዛል። የዓመቱ ሙሉ በ1። ከዚያ ግብሩን እናሰላና በቅደም ተከተል 22.5፣ 45፣ 67.5 እና 90 በመቶውን እንወስዳለን። መደበኛው ቅናሽ አይካፈልም። በእያንዳንዱ ዓምድ ሙሉው 15,750 ይገባል።

እስከ ማርች 31 ደሞዝ 18,000፣ ዲቪደንድ 500። በ4 ሲባዛ 74,000። ግብሩ 7,589። 22.5 በመቶው 1,707 ዶላር ከ53። የተቆረጠላት 1,800 ነው፤ ተሟልቷል።

እስከ ሜይ 31 ደሞዝ 30,000፣ ዲቪደንድ ያው 500 ብቻ፤ ጁን ገና አልገባም። በ2.4 ሲባዛ 73,200። ግብሩ 7,469፣ 45 በመቶው 3,361። የተቆረጠው 3,600። እዚህም ተሟልቷል።

እስከ ኦገስት 31 ደሞዝ 48,000፣ ዲቪደንድ 1,000። በ1.5 ሲባዛ 73,500። ግብሩ 7,514፣ 67.5 በመቶው 5,072 ገደማ። የተቆረጠው 5,400። ይበቃል።

አራተኛው ላይ 60,000ው ይመጣል። የሚጠበቀው 14,862 ከ60፣ የተቆረጠው 7,200። ጉድለቱ 7,662 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ነርሷ ይህን እስከ ጃንዋሪ 15 ድረስ ከከፈለች ቅጣቷ ዜሮ ነው። ያው ገቢ፣ ያው ግብር፣ ያው የክፍያ ቀን። ልዩነቱን ያመጣው ገቢው መቼ እንደገባ መታየቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዘዴው ግብርን አያስቀርም፤ ጃንዋሪ 15ንም አያራዝምም። በፊተኞቹ ቀኖች ያነሰው ሁሉ ወደ ኋለኛው ተጠራቅሞ ይመጣል። ዲሴምበር ላይ ገንዘቡ ገብቶ ጃንዋሪ 15 ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች መቀጣቱ አይቀርም።

ትልቁ ዲቪደንድ የመጣው ፌብሩዋሪ ላይ ቢሆንስ? ያኔ በ4 ይባዛና የመጀመሪያው ዓምድ ያብጣል። አይደንግጡ። ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ዓምድ ከመደበኛውና ከዚህኛው ስሌት የሚያንሰውን ነው የሚወስደው። አይጎዳዎትም፤ ግን አይጠቅምዎትምም። ድካሙ ዋጋ የሚኖረው ገቢው ወደ ዓመቱ ማብቂያ ሲያጋድል ነው።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ላላችሁ

ይህን ክፍል ለብቻው የጻፍኩት የእኛን ሰው በቀጥታ ስለሚነካ ነው። በ2019 በወጣው ሕግ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የኢትዮጵያ ባንኮችን አክሲዮን መግዛት ከተፈቀደላቸው ወዲህ ብዙ ሰው ገዝቷል። ቀድሞም አገር ቤት እያለ የገዛ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ የዓለም ገቢውን በሙሉ ለአሜሪካ ያሳውቃል። የአዲስ አበባው ዲቪደንድም ውስጡ ነው።

ባንኮቹ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በሰኔ ነው። ኦዲት ይደረጋል፣ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ የትርፍ ድርሻ ይወሰናል። ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ገቢው ለአሜሪካው ስሌት በአብዛኛው አራተኛው ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። ለስኬጁል ኤአይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ገቢ።

1099 ከዚያ አይመጣም። ራስዎ ነዎት የሚመዘግቡት። የተከፈለበትን ቀን፣ የብሩን መጠን፣ የተቆረጠውን ግብርና የዕለቱን ምንዛሪ ይጻፉ። ገቢው የሚባለው ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ሙሉ መጠን ነው። የተቆረጠው ግብር በፎርም 1116 በኩል ሊካካስ የሚችልበት መንገድ አለ። ጉባኤው ሲወስን በጥሬ ገንዘብ መውሰድ እየቻሉ «ተጨማሪ አክሲዮን ግዙልኝ» ካሉ ገቢ ማግኘትዎ አይቀርም። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለና አክሲዮኖቹም አሜሪካ ውስጥ ስለማይገበያዩ፣ ይህ ዲቪደንድ በኳሊፋይድ ተመን አይስተናገድም፤ እንደ መደበኛ ገቢ ይታያል። ስለዚህ ከኳሊፋይዶቹ ጋር አይቀላቅሉት።

ከደሞዝ በማስቆረጥ መውጣት

ወረቀት መሙላት የማይወድ ሰው ሌላ መላ አለው፤ እኔ በበኩሌ ለደሞዝተኛ ይህን ነው የማስቀድመው። ከደሞዝ የሚቆረጥ ግብር መቼም ይቆረጥ መቼ፣ ዓመቱን ሙሉ በአራት እኩል ክፍል እንደተከፈለ ይቆጠራል። ኖቬምበር ላይ ደብሊው-4 (አሠሪዎ ስንት እንዲቆርጥ የሚነግረው ቅጽ) ቀይረው በቀሩት ክፍያዎች 3,000 ተጨማሪ ቢያስቆርጡ፣ 750ው ኤፕሪል 15 እንደተከፈለ ይታያል። በቼክ ወይም በኢንተርኔት የሚከፈል የቅድሚያ ግብር ይህ ጥቅም የለውም፤ የሚቆጠረው በተከፈለበት ቀን ነው። ዲቪደንዱ እንደሚመጣ ኦክቶበር ላይ ካወቁና ቀሪው ደሞዝዎ የሚችለው ከሆነ፣ ከስኬጁል ኤአይ ጋር መታገል ሳያስፈልግ ነገሩ ያልቃል። የነርሷ ዓይነት ድንገተኛ 60,000 ዲሴምበር ላይ ሲመጣ ግን ደሞዙ አይበቃም፤ ሠንጠረዡ ግድ ይሆናል።

ሠንጠረዡን ከመረጡ ለአራቱም ቀኖች መጠቀም አለብዎ። ለአንዱ ወስደው ለሌላው መተው አይቻልም። ፎርም 2210 ሁለተኛ ክፍል ላይ ሣጥን ሲ ላይ ምልክት አድርገው ከ1040ው ጋር ያያይዙታል። ቅጣቱን ባዶ ትተው አይአርኤስ ያስላው የሚሉ አሉ። በመደበኛው ስሌት ይቻላል። አይአርኤስ ግን ዲቪደንድዎ በየትኛው ወር እንደገባ አያውቅም፤ የሚልክልዎ ደብዳቤ ሁሉን ለአራት ያካፈለውን ነው።

ስቴቱንም አይርሱ። ቴክሳስ ወይም ዋሽንግተን ስቴት ለሚኖር ሰው ዲቪደንድ ላይ የስቴት ግብር ስለሌለ ጣጣው የለበትም። ቨርጂኒያ የመጀመሪያው ቀን ኤፕሪል 15 ሳይሆን ሜይ 1 ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ 25 በመቶ እያለ አይሄድም፤ 30፣ 40፣ ዜሮ፣ ከዚያ 30 በመቶ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ቀን ላይ ገና የአምስት ወር ገቢ ይዞ 70 በመቶ መሙላት ማለት ነው። እዚያ ላሉ ወገኖች ድልድሉ ከፌዴራሉም በላይ ሊጠቅማቸው ይችላል።

በጃንዋሪ ሲከፍሉ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአይአርኤስ የኢንተርኔት መክፈያ በዳይሬክት ፔይ ገብተው የቅድሚያ ግብር የሚለውን ከመረጡ በኋላ የግብር ዓመት ይጠየቃሉ። ጃንዋሪ 2026 ላይ ሆነው ለ2025 ነው የሚከፍሉት። 2026ን ከነኩ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፤ የ2025 ጉድለት ደግሞ እንዳለ ይቆያል። ክፍያውን ከመላክዎ በፊት ዓመቱን ደግመው ያንብቡ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩንም ከዲቪደንድ ዝርዝርዎ ጋር አብረው ያስቀምጡ።